የሪአክሽን ቪዲዮ አሰራር፦ ከዝግጅት እስከ ኮፒራይት ክሌም፣ ደረጃ በደረጃ

ሪአክሽን ቻናል (የሌላ ሰው ዘፈን ወይም ቀልድ እያዩ አስተያየት የሚሰጡበት የዩቲዩብ ቻናል) የከፈቱ ልጆች ቪዲዮ እየላኩልኝ "ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?" ይሉኛል፣ ስከፍተው ብዙ ጊዜ ችግሩ ያው ነው። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ልጁ ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ መሀል ላይ "ኧረ በናታችሁ!" ይላል፣ ሲያልቅ "በጣም ነው የወደድኩት፣ ሰብስክራይብ አድርጉ" ብሎ ይዘጋል። ከዛ ቪዲዮው ይታገዳል ወይም ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት ይሄዳል። ባይታገድ እንኳን ሰው አንድ ደቂቃ አይቶ ይወጣል፣ ዘፈኑን ለማየትማ ኦሪጅናሉ አለ፣ ለዛውም በሙሉ ስክሪን።

ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሪአክሽኑ ያለው ፖዝ ያደረጋችሁበት ቦታ ላይ ነው። ክሊፑ ሲሄድ የሚታየው የዘፋኙ ስራ ነው፣ የናንተ ስራ የሚጀምረው ክሊፑን ስታቆሙት ነው። ማይኩም፣ ኤዲቱም፣ የኮፒራይቱ (የቅጂ መብቱ) ጣጣም ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

በኮምፒውተር የምትሰሩ ከሆነ፦ ኦቢኤስ ስቱዲዮ (ስክሪንና ድምፅ የሚቀርጽ ፕሮግራም፣ ነፃ ነው)፣ ካሜራ ወይም ስልክ፣ ማይክ፣ ባለገመድ ኢርፎን። በስልክ ብቻ ከሆነ፦ ፊታችሁን የሚቀርጽ አንድ ስልክ፣ ክሊፑን የምታዩበት ሌላ ስልክ ወይም ቲቪ፣ ኢርፎን፣ ኤዲት ማድረጊያ አፕ፣ ለምሳሌ ካፕከት። ውድ ካሜራ አትግዙ። ብር ካላችሁ መጀመሪያ ማይክ ግዙ፣ ኮሌታ ላይ የምትሰካዋ ትንሿ ባለገመድ ማይክ ትበቃለች። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሳል፣ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አይታገስም።

ኢርፎኑ የግድ ባለገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ትንሽ ያዘገያል፣ እናንተ የምትሰሙት ከምታዩት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ኤዲት ላይ ሳቃችሁ ከቀልዱ ጋር አልገጥም ይላል። እኔ አንድ ሙሉ የ40 ደቂቃ ቀረጻ የጣልኩት በዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ክሊፑን መምረጥ

1. የምትናገሩበት ነገር ያለው ክሊፕ ምረጡ። ቪው ስላለው ብቻ አትምረጡ። "ስለዚህ ሶስት ነገር ማለት እችላለሁ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ካልቻላችሁ እለፉት።

2. "ለመጀመሪያ ጊዜ" ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ እውነትም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሁን። ሰው ውሸት ያውቃል፣ አይኑ ውስጥ ነው የሚታየው። ከዚህ በፊት የሰማችሁት ከሆነ "ልጅ ሆኜ እሰማው ነበር፣ ዛሬ ግጥሙን አዳምጬ ልስማው" በሉ፣ ይሄ ራሱ ጥሩ ቪዲዮ ይወጣዋል።

3. ሳታዩት መዘጋጀት ከፈለጋችሁ ክሊፑን ለጓደኛ ስጡ። እሱ አይቶ ሶስት ነገር ይንገራችሁ፦ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ለልጆች የማይሆን ነገር አለው ወይ፣ ድምፁ ደህና ነው ወይ። ይዘቱን አይንገራችሁ። እናንተ ደግሞ ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ስለ አቀናባሪው አንብቡ፣ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሰው ስራውን እያያችሁለት ስሙን አለመጥራት ነውር ነው።

4. ከኦፊሻል ቻናሉ ላይ ክፈቱት። ሌላ ሰው ገልብጦ የጫነው ቅጂ ላይ ሪአክት ካደረጋችሁ ቪው የምትልኩት ለተሳሳተ ሰው ነው፣ ጥራቱም የወረደ ነው።

ደረጃ 2፦ ክፍሉ

ባዶ ሳሎን ያስተጋባል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ አልጋ፣ ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ያለበት ክፍል ፈልጉ፣ ቁምሳጥኑን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደሱ አዙራችሁ ተቀመጡ፣ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። መስኮት ካለ ከፊታችሁ ይሁን እንጂ ከጀርባችሁ አይሁን፣ ከኋላ ብርሃን ከመጣ ፊታችሁ ይጠቁራል። ፍሪጅ አጠገብ አትቀረጹ፣ ጆሯችሁ ለምዶት አይሰማችሁም እንጂ ማይኩ ይሰማዋል።

አረብ ሀገር ሆናችሁ የምትሰሩ እህቶች፣ ክፍል በጋራ ስለሆነ ሌሊት ላይ ነው የምትቀርጹት፣ ይገባኛል። ግን የአሰሪ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ፎቶ እንኳን ቢሆን ጀርባችሁ ላይ እንዳይታይ። ኤምሬትስን ጨምሮ እዛ አካባቢ ሰውን ያለፈቃዱ መቅረጽና መለጠፍ በወንጀል ያስከስሳል። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ስቀሉና እሱን ጀርባ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ሴቲንግ

በኮምፒውተር

1. ኦቢኤስ ላይ የማይካችሁን ድምፅና የክሊፑን ድምፅ በሁለት የተለያየ ትራክ (ለየብቻ በሚቀመጥ የድምፅ መስመር) ቅረጹ። አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ማይኩን ትራክ 1፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ ትራክ 2 አድርጉ፣ ከዛ ሴቲንግስ፣ አውትፑት፣ ሪኮርዲንግ ገብታችሁ ሁለቱንም ትራክ ምልክት አድርጉ። ይሄን ካላደረጋችሁ ሁለቱ ድምፅ ይቀላቀላል፣ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ በኋላ የዘፈኑን ብቻ መቀነስ አትችሉም። በጣም ብዙ ሰው የሚወድቅባት ቦታ ይቺ ናት።

2. የቀረጻ ፎርማቱን ኤምኬቪ አድርጉት። መብራት ሲጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ተራው ኤምፒ4 ፋይል ተበላሽቶ አልከፈትም ይላል፣ ኤምኬቪ ግን እስከዛች ሰከንድ ድረስ ያለው ይተርፋል። ሲያልቅ ፋይል ከሚለው ሜኑ ውስጥ ሪመክስ ሪኮርዲንግስን ተጭናችሁ ወደ ኤምፒ4 ቀይሩት፣ ጥራቱ አይቀንስም።

3. ክሊፑ ኦቢኤስ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ከታየ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ግራፊክስ አክሰለሬሽን (ድሮ ሃርድዌር አክሰለሬሽን) የሚለውን አጥፉና ክሮምን ዘግታችሁ ክፈቱ።

በስልክ

1. ኤርፕሌን ሞድ አድርጉ። መሀል ላይ ስልክ ቢደወል ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል።

2. ቦታ አላችሁ ወይ እዩ። በ1080ፒ 30 ፍሬም 1 ደቂቃ ቪዲዮ እንደስልኩና እንደሴቲንጉ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል፣ ለ1 ሰአት ቀረጻ 8 ጊጋ ባዶ ቦታ ይኑራችሁ።

3. ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙና ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉት፣ አለዚያ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ምስሉ ይበራል ይጨልማል።

4. ክሊፑን የምታዩት በሌላ ስልክ ስለሆነ ፖዝ ባደረጋችሁ ቁጥር ደቂቃውን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ "1 ደቂቃ ከ12"። በኋላ ኤዲት ላይ ትቆርጡታላችሁ፣ ግን ክሊፑን የት ቦታ እንደምታስገቡ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ይቺን ያልያዘ ሰው ኤዲት ላይ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ደረጃ 4፦ የ1 ደቂቃ ሙከራ (አትዝለሉት)

ሌላ ክሊፕ ከፍታችሁ 1 ደቂቃ ቅረጹ፣ እየተናገራችሁ፣ እየሳቃችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ እያደረጋችሁ። ከዛ በኢርፎን ስሙት። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ (በኮምፒውተር ከሆነ) ሁለቱ ትራክ ለየብቻ አለ? ስትስቁ ድምፁ ይሰነጠቃል? የክሊፑ ድምፅ ከኢርፎኑ ወጥቶ ማይኩ ውስጥ ይገባል? ፊታችሁ ይታያል? ሳቅ ላይ ከተሰነጠቀ የማይኩን መጠን ቀንሱ፣ ስትጮሁ የድምፅ መለኪያው ማይነስ 6 ዲቢ (ዴሲቤል) አካባቢ እንዲደርስ፣ ከዛ እንዳያልፍ። ሳቅ ከወሬ በጣም ስለሚጮህ በወሬ ብቻ ለክታችሁ እንዳትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ቀረጻው

1. ቀረጻውን (ምስልና ድምፅ ለየብቻ የምትቀርጹ ከሆነ ሁለቱንም) አስነሱና ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። ያቺ ጭብጨባ በኋላ ምስልና ድምፅ የምታገጣጥሙባት ምልክት ናት።

2. መግቢያውን ከ20 ሰከንድ አታሳልፉ። የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ስም፣ ለምን እንደመረጣችሁት፣ በቃ። "እንደምን አላችሁ የተከበራችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች ዛሬ ደግሞ ይዘንላችሁ የመጣነው" እያላችሁ 2 ደቂቃ ከሄዳችሁ ግማሹ ሰው ወጥቷል።

3. ክሊፑን ክፈቱና የሆነ ነገር ሲሰማችሁ ወዲያው ፖዝ። ስሜቱ ትኩስ እያለ። "ስንኙ ይለቅና እናገራለሁ" ካላችሁ ትረሱታላችሁ። ለጀማሪ የምሰጠው ልኬት ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ሰምታችሁ ማቆም ነው፣ እና ከሰማችሁት የሚበልጥ ማውራት።

4. ፖዝ አድርጋችሁ "ዋው" ብቻ ብላችሁ አትቀጥሉ። ሁሌ ይቺን ጥያቄ ለራሳችሁ መልሱ፦ ምኑን ነው ዋው ያልኩት? ድምፁን? ቃሉን? ምስሉን? ትዝታ ቀስቅሶብኝ ነው? "ድምፁን ነው፣ እዚህ ጋ ከፍ ይላል ብዬ ስጠብቅ ዝቅ አለብኝ" ስትሉ ያ የናንተ ነው፣ ማንም ሊወስድባችሁ አይችልም።

5. ያቆማችሁበትን ስትቀጥሉ 3 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ መልሱት፣ ሰሚው ዜማውን እንዲይዝ።

6. ካለቀ በኋላ ካሜራውን አታጥፉ። 2 ደቂቃ ዝም ብላችሁ አስቡና ጠቅለል ያለ አስተያየት ስጡ። ምርጥ ምርጥ ነገር የሚወጣው እዚህ ጋ ነው፣ ሰው "ተጠናቀቀ" ሲል ዘና ይላል።

ቀረጻው መሀል ላይ ከተበላሸስ?

መብራት ከጠፋ ወይም ማይኩ ከተነቀለ እንደገና ከመጀመሪያ "ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማሁት ነው" ብላችሁ አትተውኑ። "መብራት ጠፍቶብኝ ነው፣ እዚህ ድረስ ሰምቼዋለሁ" በሉና ከዛው ቀጥሉ። ተመልካች ይሄን ይወዳል፣ ሁሉም ቤት መብራት ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ዘፈን ላይ ምን ይባላል?

"ምን እንደምል አላውቅም" የሚለኝ ብዙ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ግጥሙ። አማርኛ ዘፈን ውስጥ ሰምና ወርቅ ካለ ማቆሚያችሁ እሱ ነው። ምሳሌ እንዲሆን እኔ የገጣጠምኩት ስንኝ እንዲህ ይላል እንበል፦ "ልቤን በእጇ ይዛ፣ ለመሄድ ቆረጠች"። ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው "ትታው ሄደች" ብሎ ያልፋል። ፖዝ የሚያደርግ ሰው ግን "ቆረጠች" ላይ ይቆማል፦ መወሰኗ ነው፣ ግን ልቡ እጇ ላይ ስላለ ቆረጠችው ማለትም ነው፣ ሄጃለሁ ያለችበት ቃልና ያቆሰለችበት ቃል አንድ ሆነ። ይቺን ስትናገሩ ተመልካቹ ወደ ኦሪጅናሉ ተመልሶ ይሰማል፣ ኮሜንት ላይ ደግሞ "እኔ ደግሞ ሌላ አገኘሁ" ይላል። ድርብ ትርጉም ካላገኛችሁ ግን አትፍጠሩ፣ ሁሉም ስንኝ ቅኔ አይደለም።

ዜማው። ቅኝቱን የማታውቁ ከሆነ ስም አትጥሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ አራቱ ዋና ቅኝቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የተሰሩ፣ ግን በድምፆቹ መሀል ያለው ርቀት ይለያያል። ያሳዘነን ዘፈን ሁሉ "ትዝታ ነው" ማለት ትልቁ ስህተት ነው። ጆሯችሁን ማለማመድ ከፈለጋችሁ አራቱንም በክራር ብቻ የተጫወቱትን ፈልጋችሁ ሳምንት ሙሉ ስሙ። እስከዛው "ቅኝቱን አላውቀውም፣ ግን መጨረሻ ላይ ሳያርፍ ይቀራል" ማለት በቂ ነው።

መሳሪያው። ማሲንቆ አንድ ክር አላት፣ በደጋን ነው የምትገዘገዘው። ክራር 5 ወይም 6 ክር አለው፣ በጣት ነው የሚመታው። ዋሽንት ይነፋል። እነዚህን የምታምታቱ ከሆነ ኮሜንቱ በሙሉ እርማት ይሆንና ያላችሁት ሌላ ቁምነገር ይጠፋል። በኪቦርድ የተሰራ የማሲንቆ ድምፅም አለ፣ ስለዚህ ክሊፑ ላይ መሳሪያው ካልታየ "የማሲንቆ ድምፅ" በሉ።

ጭፈራው። ትከሻ የተንቀጠቀጠ ሁሉ የአንድ ቦታ አይደለም፣ የጎንደርና የወሎ እስክስታ አይን ለለመደ ሰው ይለያል። ካላወቃችሁ የታያችሁን ተናገሩ፦ "ትከሻው ነው የሚሰራው፣ አንገቱ ዝም ብሏል"።

ቋንቋው። በማታውቁት ቋንቋ የተዘፈነ ላይ፣ ኦሮምኛም ይሁን ትግርኛ ይሁን ወላይትኛ፣ ትርጉም አትገምቱ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሳልረዳው በዜማው ብቻ ሪአክት አደርጋለሁ፣ ከዛ ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ደውዬ አራት አምስት ስንኝ እንዲፈታልኝ አደርጋለሁ፣ ከዛ ተመልሼ "ትርጉሙን ከሰማሁ በኋላ" ብዬ ሁለተኛ ክፍል እቀርጻለሁ። በሁለቱ መሀል ያለው የፊቴ ለውጥ ከየትኛውም ኤዲት በላይ ይሰራል። ዳያስፖራ ያላችሁ ደግሞ አማርኛ የማይሰማ ጓደኛ አስቀምጣችሁ ስትቀርጹ ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ መጀመሪያ እሱ ይናገር፣ ከዛ እናንተ ተርጉሙ። ቀድማችሁ ካስረዳችሁት የሚናገረው የናንተን ነው።

ደረጃ 7፦ ኮሜዲ ከሆነ ህጉ ይገለበጣል

ዘፈን ላይ ቶሎ አቁሙ አልኩ፣ ቀልድ ላይ ግን ማሳቂያው ከመምጣቱ በፊት በፍጹም አታቁሙ። ቀልድ በሰከንድ ነው የሚሰራው፣ መሀሉ ላይ ከቆረጣችሁት ገደላችሁት።

1. ማሳቂያውን ጠብቁ፣ ሳቁ ይውጣላችሁ፣ ከዛ ፖዝ።

2. ቀልዱን አትድገሙት፣ አታብራሩትም። ስላሳቃችሁበት ምክንያት አውሩ፦ የናንተ ሰፈር ውስጥ እንዲህ የሚያወራ ሰው ነበር፣ ተዋናዩ ፊቱን ሳይለውጥ ነው የተናገረው፣ እንደዛ ያለ ነገር።

3. ካላሳቃችሁ አትሳቁ። "እኔን አልያዘኝም፣ ምክንያቱም መጨረሻው ከመጀመሪያው ታወቀኝ" በሉ፣ በአክብሮት። የውሸት ሳቅ ሁለተኛው ቪዲዮ ላይ ያሰለቻል።

4. የሰው አነጋገር ዘዬ፣ ብሄር ወይም አካል ጉዳት ላይ የተሰራ ቀልድ ከመጣ እና ካልተመቻችሁ ያንን ክፍል ጭራሽ አታሳዩት። አሳይታችሁ "ይሄ ልክ አይደለም" ማለት ቀልዱን ለሌላ ሺህ ሰው ማድረስ ነው።

ደረጃ 8፦ ቫይራል የሆነ ተራ ሰው ላይ ሪአክት ስታደርጉ

ይሄን በጥብቅ ነው የምለው። ዘፋኝና ኮሜዲያን ስራውን ለህዝብ ብሎ ነው ያወጣው። መንገድ ላይ ስትጣላ የተቀረጸች ሴት፣ ሰክሮ የወደቀ አባት፣ ክፍል ውስጥ ያለቀሰ ልጅ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ፊታቸውን ሸፍኑ፣ ሰፈራቸውን አትጥሩ፣ ልጅ ከሆነ ቪዲዮውን ተዉት። ጥርጣሬ ካላችሁ "እናቴ ብትሆን እለጥፈው ነበር?" ብላችሁ ወስኑ። የለጠፋችሁት ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው ራሱ አውርዱልኝ ብሎ ከጻፈላችሁ ሳትከራከሩ በዛው ሰአት አውርዱ።

ደረጃ 9፦ ኤዲት

1. በጭብጨባዋ ምስልና ድምፁን አገጣጥሙ። መጀመሪያው ገጥሞ ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁ ከአፋችሁ ከራቀ የስልካችሁ ቀረጻ የፍሬም ፍጥነቱ እየተለዋወጠ ነው ማለት ነው፣ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮንስታንት ፍሬም ሬት አድርጋችሁ ቀይሩትና እንደገና ጀምሩ።

2. የክሊፑን ድምፅ ከናንተ ድምፅ ከ10 እስከ 12 ዲቢ አካባቢ ዝቅ አድርጉ። ክሊፑ እየሄደ ስትናገሩ ደግሞ የበለጠ ዝቅ ይበል።

3. የናንተ ፊት ትልቅ ይሁን። ስትናገሩ ሙሉ ስክሪን፣ ክሊፑ ሲሄድ ደግሞ ክሊፑን በፍሬም ውስጥ አድርጉት።

4. አሁን ትልቁ ስራ፦ የምትናገሩበትን የክሊፕ ክፍል ብቻ አስቀሩ፣ ሌላውን ቁረጡ። ዝም ብላችሁ የሰማችሁበት 40 ሰከንድ ካለ ይውጣ። ያማል፣ አውቃለሁ፣ ዘፈኑ ስለሚያምር ነው የሚያሳሳው። ግን ተመልካቹ ሙሉውን እንዲሰማ ሊንኩን ከታች አስቀምጡለት።

5. ድምፁን አቅጥናችሁ፣ ምስሉን ገልብጣችሁ፣ ፍጥነቱን ቀይራችሁ ከኮፒራይት ለማምለጥ አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ አያመልጥም፣ ካመለጠም የሰውየውን ስራ አበላሽታችሁ ነው ያሳያችሁት።

ደረጃ 10፦ አፕሎድ

1. መጀመሪያ ፕራይቬት አድርጋችሁ ጫኑ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ ቼክስ የሚለው ደረጃ ቪዲዮውን መርምሮ ክሌም (የኮፒራይት ባለቤት ጥያቄ) ካለ ይነግራችኋል። እሱ ሳይጨርስ ፐብሊክ አታድርጉ። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ማታ ጭናችሁ ተኙ፣ ጠዋት ውጤቱን ታያላችሁ።

2. ዲስክሪፕሽን ላይ የኦሪጅናሉን ሊንክ፣ የዘፋኙንና የደራሲዎቹን ስም ጻፉ። "የኮፒራይት ባለቤት አይደለሁም" የሚል ጽሁፍ ግን አያድናችሁም፣ ምንም የህግ ጉልበት የለውም።

3. "ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ ችግር የለውም" የሚባለውን እርሱት። እንደዛ የሚል ህግ የለም፣ ኮንቴንት አይዲ (ዩቲዩብ የሰው ስራ ፈልጎ የሚያገኝበት ሲስተም) አጭር ቁራጭም ይይዛል።

ታዲያ ምን ያድናል? በ2017 (በፈረንጆቹ) ኒውዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የፈረደውን እዩ። ማት ሆሴንዛዴህ የሚባል ሰው ኢታን እና ሂላ ክላይንን ከሶ ነበር፣ ከ5 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ቪዲዮው ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወስደው ሪአክት ስላደረጉበት። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ግን የክላይኖቹ ቪዲዮ 14 ደቂቃ አካባቢ ነበር፣ እያቆሙ እየተቹ፣ ዳኛዋ ለነሱ ፈረደች። እዛው ላይ ደግሞ ሪአክሽን ሁሉ እንዲህ አይታይም፣ አንዳንዱ ያለ አስተያየት አብሮ እንደማየት ነው ብላ ጻፈች። ይሄ የአሜሪካ ህግ ነው፣ የኛ ሀገር አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ከወጣ ስራ ላይ ምንጩንና የባለቤቱን ስም ጠርቶ፣ ለአላማው በሚበቃ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል። ሁለቱም ጋ የሚታየው የናንተ ስራ ስንት ነው የሚለው ነው።

ገቢ ለማግኘት ስታመለክቱም ያው ነው፣ 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር 4000 ሰአት የታየ ቪዲዮ ሞልታችሁ ስታመለክቱ ቻናሉን የሚገመግሙት የዩቲዩብ ሰዎች ያለው የሌላ ሰው ቪዲዮ ብቻ ሆኖ ካገኙት ሪዩዝድ ኮንቴንት (ከሌላ የተወሰደ ስራ) ብለው ይመልሱታል፣ አስተያየት የምትሰጡበት ሪአክሽን ግን ይፈቀዳል።

ደረጃ 11፦ ክሌም ሲመጣ

መጀመሪያ አትደንግጡ። ክሌም እና ስትራይክ ይለያያሉ፣ ስትራይክ ቻናላችሁ ላይ የሚመዘገብ ቅጣት ነው። ክሌም ማለት ሲስተሙ ዘፈኑን አገኘው ማለት ነው፣ ባለቤቱ ገቢውን ሊወስድ፣ ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም ዝም ብሎ ሊከታተል ይችላል፣ አንዳንዴ በአንድ ሀገር ብቻ ይታገዳል። ቻናላችሁ ላይ ቅጣት አይደለም።

1. ክሌሙ ከየት ሰከንድ እስከየት እንደሆነ ስቱዲዮ ላይ እዩ።

2. ያ ክፍል ካላስፈለጋችሁ እዛው ስቱዲዮ ላይ ቁረጡት ወይም የዘፈኑን ድምፅ አጥፉት። ቪዲዮውን ደግማችሁ መጫን አያስፈልግም።

3. ገቢውን ባለቤቱ ቢወስድ ግድ ከሌላችሁ ተዉት። እኔ ብዙ ጊዜ የምተወው ነው፣ ዘፈኑ የሱ ነው።

4. በእውነት ትንታኔ የበዛበት ቪዲዮ ከሆነና ካመናችሁበት ዲስፒውት አድርጉ (ክሌሙን ተቃወሙ)። በ5 ቀን ውስጥ ካደረጋችሁ ክሌሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ ይያዝላችኋል። ምክንያቱን በደንብ ጻፉ፣ የትኛው ደቂቃ ላይ አቁማችሁ ምን እንዳላችሁ። "እባካችሁ ልቀቁልኝ" አይደለም የሚጻፈው። ባለቤቱ ለመመለስ 30 ቀን አለው።

5. ውድቅ ካደረገው አፒል (ይግባኝ) አለ፣ እሱ ላይ 7 ቀን አለው። ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ፦ አፒሉን ካልተቀበለው ቪዲዮው እንዲወርድ መጠየቅ ይችላል፣ ያኔ ስትራይክ ይመጣል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አፒል አታድርጉ።

ስትራይክ ከመጣ ቪዲዮውን በማጥፋት አይነሳም። በ90 ቀን ውስጥ 3 ከሞላ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው እንዳይመጣ ሌሎቹን ቪዲዮዎቻችሁን በዛው ቀን ፕራይቬት አድርጋችሁ አንድ በአንድ እዩ። የመጀመሪያው ከሆነ ኮፒራይት ስኩል የሚለውን አጭር ትምህርት ጨርሱና 90 ቀኑን ጠብቁ። ከዚህ ጎን ለጎን ለዘፋኙ ወይም ለአሳታሚው በጨዋነት ጻፉ፦ ቪዲዮውን ሊንክ አድርጋችሁ፣ ምን እንደሰራችሁ አስረድታችሁ፣ ስትራይኩን እንዲያነሳ ጠይቁ። የኛ ዘፋኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ወይም ወንድማቸው ነው ፔጁን የሚይዙት፣ በትህትና የተጻፈ መልእክት ይነበባል። ካውንተር ኖቲፊኬሽን የሚባለውን (ስትራይኩን የሚቃወም ህጋዊ ማመልከቻ) ግን ስምና አድራሻችሁ ለከሳሹ እንደሚደርስ አውቃችሁ፣ የህግ ሰው አማክራችሁ ብቻ ላኩ።